ልብ ውስጥ የሚገነባ ጀጎል፦ የኤትሪያል ፊብሪሌሽን አብሌሽን እንዴት ይሠራል፣ የትስ ላይ ይከሽፋል

ሦስት ጣቶችዎን ከአውራ ጣት ሥር፣ አንጓዎ ላይ አሳርፈው ምቱን ያዳምጡ። ጤናማ ምት ቢፈጥንም ቢዘገይም እርምጃው እኩል ነው። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ያለበት ሰው ምት ግን ተራ የለውም፤ ሁለቱ ተከታትለው ይመጣሉ፣ አንዱ ይዘገያል፣ ቀጣዩ ከጣት ሥር ይጠፋል፣ ከዚያ ሦስቱ በጥድፊያ ይደርሳሉ። የልብን ኤሌክትሪክ የሚስለው የኢሲጂ ወረቀትም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። በሹሎቹ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት አይመሳሰልም፤ ከእያንዳንዱ ሹል በፊት መታየት የነበረባት ትንሽ ጉብታም የለችም፤ በቦታዋ መስመሩ እንዲሁ ይርገበገባል።

በዚህ ሕመም ሁለቱ የልብ ላይኛ ክፍሎች በደቂቃ ከ350 እስከ 600 ጊዜ በሚደርስ የተበታተነ ኤሌክትሪክ ይናጣሉ። በዚህ ፍጥነት መኮማተር ስለማይችሉ ይንቀጠቀጣሉ። ወደ ታችኛው ክፍል የሚያሻግረው ኤቪ ኖድ የተባለ በር አብዛኛውን ያግዳል፤ ያሳለፈው ግን ያለ ተራ ስለሚያልፍ ምቱ ይዘበራረቃል። በዚህ መሀል ደም በግራ ላይኛ ክፍል ጎን ባለች ጆሮ መሳይ ኪስ ውስጥ ይቆያል፣ ይረጋል። የረጋው ቁራጭ ተነስቶ አንጎል ከደረሰ ስትሮክ ይሆናል።

ካቴተር አብሌሽን ይህን ኤሌክትሪክ ከምንጩ ለመቁረጥ የሚደረግ ሥራ ነው። ደረት አይከፈትም፤ ቀጭን ቱቦ በብሽሽት በኩል ባለው ደም መልስ ገብቶ ልብ ድረስ ይዘልቃል። የድሬዳዋና የሐረር ታማሚ ለዚህ ሥራ ከከተማው ርቆ መሄድ አለበት፤ ብዙ ገንዘብም ይጠይቃል። ስለዚህ ታማሚውና ቤተሰቡ ከመንገድ በፊት ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ፦ ብዙ ቦታ ስለተቃጠለ ሕክምናው የተሻለ አይሆንም። የሥራው ልብ ያለው አንድ ቀለበት ያለ ቀዳዳ መዝጋት ላይ ነው።

ቀለበቱ

እ.ኤ.አ. በ1998 በፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ ሚሼል አይሳገርና ባልደረቦቹ ሕመሙ የሚመላለስባቸውን 45 ሰዎች መርምረው፣ ረብሻውን የሚለኩሱ 69 ነጥቦችን ለዩ። ከእነዚህ 94 በመቶ የሚሆኑት የተገኙት ንጹሕ ደም ከሳንባ ወደ ግራ ላይኛ ክፍል በሚያመጡት ደም መልሶች ውስጥ ነበር። የልብ ጡንቻ እንደ እጅጌ ሆኖ ወደ እነዚህ ሥሮች ውስጥ ገባ ብሎ ያድጋል፤ ያ ጡንቻ ሳይታሰብ ይተኩሳል። አብዛኛው ሰው አራት የሳንባ ደም መልሶች አሉት፤ ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ።

መጀመሪያ ላይ ሐኪሞች የሚተኩሰውን ነጥብ ራሱን እየፈለጉ ያቃጥሉ ነበር። ችግሩ ነጥቡ አንድ አለመሆኑ ነው፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይነሳል። በሥሩ ውስጥ መቃጠልም ሥሩን ያጠብበዋል። ስለዚህ አሠራሩ ተቀየረ፦ ነጥቡን መተውና ሥሩ ወደ ልብ በሚከፈትበት አፍ ዙሪያ፣ በልቡ ግድግዳ ላይ፣ የጠባሳ አጥር ማቆም። ጠባሳ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በሥሩ ውስጥ ያለው ጡንቻ ቢተኩስም እሳቱ እዚያው ይቀራል።

ሐረርን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የታነጸው የጀጎል ግንብ በሮቹ ሲዘጉ ከተማውን ከውጭው ይለያል። ነገር ግን በግንቡ ሥር ሐረሪዎች ዋራባ ኑዱል የሚሏቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ጅብ በሌሊት በእነሱ ሾልኮ ይገባል። ግንቡ ምን ያህል ረጅምና ወፍራም ቢሆን ቀዳዳዋ ለጅቡ ትበቃዋለች። በልብም እንዲሁ ነው። በቀለበቱ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ያልተቃጠለ ጡንቻ ከቀረ ኤሌክትሪኩ በእሷ ይወጣል። ሕመሙ ተመልሶባቸው ለሁለተኛ ጊዜ ለአብሌሽን የገቡ ሰዎች ዘንድ በብዛት የሚገኘው ይኸው ነው፤ ቢያንስ አንዱ ሥር እንደገና ተገናኝቶ።

ቀዳዳው የሚፈጠረው ሁልጊዜ በቸልተኝነት አይደለም። የተጎዳ ሕብረ ሕዋስ መጀመሪያ ያብጣል፣ ይደነዝዛል። ያን ሰዓት ኤሌክትሪክ አያሳልፍምና የሞተ ይመስላል። ከቀናት በኋላ እብጠቱ ሲወርድ ከፊሉ ይነቃል። ለዚህ ነው ጥንቁቅ ሐኪም ቀለበቱ ከተዘጋ በኋላም 20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንደገና የሚፈትሸው።

እሳት፣ በረዶ፣ ኤሌክትሪክ

ቀለበቱን ለመሥራት በዋናነት ሦስት መሣሪያዎች አሉ።

የመጀመሪያው ሬዲዮፍሪኩዌንሲ ነው፤ በሙቀት ያቃጥላል። የካቴተሩ ጫፍ 3.5 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ብረት ነው፤ ከሱ ቀዳዳዎች የጨው ውኃ እየፈሰሰ ያቀዘቅዘዋል። ሐኪሙ ነጥብ በነጥብ እየተከለ ይዞራል፤ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ከ6 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይጠነቀቃል። ሕብረ ሕዋሱ ለዘለቄታው እንዲሞት ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ በላይ መድረስ አለበት። ጫፉ ግድግዳውን የሚጫንበት ኃይል ደግሞ ከ10 እስከ 20 ግራም ቢሆን ይመረጣል፤ ጥቂት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚመዝነውን ያህል መሆኑ ነው፣ ያውም በሚመታና በሚተነፍስ አካል ውስጥ። ኃይሉ ካነሰ ጠባሳው ላይ ላዩን ይቀራል። ከበዛ ካቴተሩ ልብን ሊበሳ ይችላል። ሙቀቱ በሥጋው ውስጥ 100 ዲግሪ ከደረሰም ውኃው ፈልቶ ይፈነዳል፤ ይህም ልብን ሊቀድ ይችላል።

ሁለት ቦታዎች ያስቸግራሉ። አንዱ በግራ ሥሮችና ጆሮ መሳይዋ ኪስ መካከል ያለው ጉብታ ነው። ሥጋው ወፍራም ነው፣ ካቴተሩም ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ቀዳዳ እዚያ ይበዛል። ሌላው የኋላ ግድግዳው ነው። ቀጭን ነው፣ ከጀርባው የምግብ ቧንቧው ተለጥፎ ያልፋል። ስለዚህ እዚያ ላይ የሚሰጠው ኃይል ወይም ሰዓት ይቀነሳል፤ በምግብ ቧንቧው ውስጥ የሙቀት መለኪያ የሚያስገቡም አሉ። የጨው ውኃው ነገርም አይዘንጋ። ሥራው ሲረዝም ከአንድ ሊትር በላይ ወደ ሰውነት ሊገባ ይችላል፤ ልቡ ለደከመ ሰው ይህ ሳንባ ላይ ውኃ ሊሞላ ስለሚችል የሽንት መድኃኒት ይሰጠዋል።

ሁለተኛው ክራዮባሉን ነው፤ በብርድ ይገድላል። በአብዛኛው 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፊኛ በሥሩ አፍ ላይ ይወተፋል። ዙሪያውን መግጠሙ በራጅ ቀለም ይፈተሻል፤ ከዚያ ናይትረስ ኦክሳይድ ጋዝ ተለቆ ፊኛው ከዜሮ በታች ወደ 40 እና 50 ዲግሪ ይወርዳል። ለሦስት ወይም ለአራት ደቂቃ እንዲሁ ይቆያል። ጥቅሙ ቀለበቱ በአንድ ጊዜ መሠራቱ ነው። ጉዳቱ የሥሩ አፍ ሰፊ ወይም ሞላላ ከሆነ አለመግጠሙ ነው።

በቀኝ በኩል ሲሠራ የሚደረገው ጥንቃቄ ሊታይ የሚገባ ነው። ትንፋሽ የሚስበውን ድያፍራም የሚያዘው ፍሬኒክ ነርቭ ከቀኞቹ ሥሮች አጠገብ ያልፋል። ስለዚህ ሌላ ካቴተር ነርቩን ከላይ በኩል በኤሌክትሪክ እየነካ ድያፍራሙን በየተወሰነ ጊዜ ያዘልለዋል። አንድ ሰው እጁን ከታማሚው ቀኝ ጎድን ሥር አሳርፎ ያን ዝላይ ይቆጥራል። ዝላዩ ከእጁ ሥር መድከም ሲጀምር «አቁሙ!» ይላል፤ ብርዱ ወዲያው ይቋረጣል። ነርቩ በጊዜ ከተተወ አብዛኛውን ጊዜ ያገግማል። ዘግይቶ ከሆነ ታማሚው ለወራት ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል።

እሳትና በረዶው እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት 762 ሰዎች ላይ ተወዳድረው አንዱ ከሌላው አላነሰም።

ሦስተኛው ፐልስድ ፊልድ አብሌሽን የሚባለው ነው፤ እንደ ሁለቱ በሙቀት ወይም በብርድ አይሠራም። በማይክሮ ሰከንድ የሚለኩ፣ ከ1,000 ቮልት በላይ የሆኑ ንዝረቶች የጡንቻውን ሴሎች ሽፋን ይበሳሳሉ፤ ሴሎቹም ይሞታሉ። የልብ ጡንቻ ለዚህ ንዝረት ከነርቭና ከምግብ ቧንቧ ይልቅ ቶሎ ስለሚሸነፍ፣ ጎረቤት አካላት የሚጎዱበት ዕድል ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ጥናት 607 ሰዎች ላይ ከሙቀትና ከብርዱ ጋር ተወዳድሮ ውጤቱ አላነሰም፤ ሥራውም ቶሎ ያልቃል። የራሱ ችግሮች ግን አሉት። ንዝረቱ ሲበዛ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈነዳል፤ የፈሰሰው ቀለም ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል፣ የሽንት መጥቆርም ምልክቱ ነው። ልብን ከሚመግቡት ደም ቅዳዎች አጠገብ ሲሰጥ ደግሞ ሥሮቹ ተኮማትረው ሊጠቡ ይችላሉ፤ ለዚያ ናይትሮግሊሰሪን ይሰጣል።

ለታማሚ ከመሣሪያው ስም ይልቅ የሚያዋጣው «እርስዎ በዚህ መሣሪያ በዓመት ስንት ሰው ይሠራሉ?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ነው። በአዲስ መሣሪያ ከሚማር እጅ ይልቅ በአሮጌው የሠለጠነ እጅ ይመረጣል።

ከቀለበቱ ሌላ ይጨመር?

በራሱ መጥቶ በ7 ቀን ውስጥ የሚቆም ሕመም ላይ ቀለበቱ ብቻውን ይበቃል። ከአንድ ሥራ በኋላ ከ100 ሰው ከ70 እስከ 80 የሚሆኑት ዓመቱን ያለ ሕመም ያሳልፋሉ። ከ7 ቀን በላይ የቆየ፣ በተለይም ዓመት ያለፈው ሕመም ግን ይከብዳል። ላይኛው ክፍል ሰፍቶ፣ ግድግዳው በራሱ ጠባሳ ተዥጎርጉሮ፣ እሳቱ ከሥሮቹ ውጭም መንደድ ስለሚችል ነው።

ለዚህ መልስ ተደርጎ ለዓመታት ሲሠራ የቆየው ተጨማሪ ማቃጠል ነበር፤ በጣሪያው ላይ መስመር፣ ከግራ ሥር በግራ ላይኛና ታችኛ ክፍሎች መካከል እስካለው ማይትራል ቫልቭ ሌላ መስመር፣ ወይም የተበጣጠሰ ኤሌክትሪክ የታየባቸውን ቦታዎች ሁሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ጥናት ይህን ፈተሸው። 589 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። በ18 ወር ውስጥ ሕመሙ ያልተመለሰባቸው ቀለበት ብቻ ከተሠራላቸው 59 በመቶ፣ የተበጣጠሱ ቦታዎች ከተጨመሩላቸው 49 በመቶ፣ መስመሮች ከተጨመሩላቸው 46 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ከአጋጣሚ የሚያልፍ ባይሆንም፣ ተጨማሪው ሥራ ምንም ጥቅም አለመስጠቱ ግልጽ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2023 የኋላ ግድግዳውን በሙሉ ማግለልም ሲፈተን ከቀለበቱ ብቻ የተሻለ አልሆነም።

ለምን? ግማሽ የቀረ መስመር ከነጭራሹ ካልተሠመረ የከፋ ስለሆነ ነው። ኤሌክትሪክ ሙሉ ጠባሳ ሲገጥመው ይቆማል። ቀዳዳ ያለው ጠባሳ ሲገጥመው ግን በቀዳዳዋ ቀስ ብሎ ያልፍና፣ በመስመሩ ጫፍ ዞሮ ተመልሶ ይገባል፤ እንዲያ እያለ ክብ ይዞራል። ያኔ ፊብሪሌሽኑ ሄዶ ፍላተር የሚባል ፈጣንና መድኃኒት የማይበግረው ምት ይተካዋል። የማይትራሉ መስመር በተለይ ለመዝጋት ያስቸግራል፤ ሥጋው ወፍራም ነው፣ በውጭ በኩል የማርሻል ደም መልስ የምትባል ሥር ከነጡንቻዋ ታልፍበታለች። በዚች ሥር ውስጥ አልኮል በመርጨት ጡንቻውን መግደል እ.ኤ.አ. በ2020 በ343 ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ ያለ ሕመም የቀሩት ከ38 ወደ 49 በመቶ ከፍ ብለዋል። ተስፋ ያለው መንገድ ነው፤ ልምድ ያለው እጅ ግን ይፈልጋል።

ስለዚህ የኛ ሚዛን ይህ ነው፦ የመጀመሪያው ሥራ ቀለበቱን በደንብ መዝጋት ይሁን። ታማሚው የተረጋገጠ የቀኝ ልብ ፍላተር ካለበት እሱም በዚያው ይዘጋ። ከዚያ በላይ የሚጨምር ሐኪም ምክንያቱን በግልጽ ይናገር።

ቫልቩ ከጠበበ

ሁለት ሰዎችን እናስብ። አንዱ የ58 ዓመት ሰው ነው፤ ደም ግፊት አለበት፣ ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ላይ ቫልቮቹ ደህና ናቸው፣ ምቱ በወር ሁለቴ ይዛባል። ሌላዋ የ30 ዓመት ሴት ናት፤ በልጅነቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ አሟት፣ በዚያው ሪህ (የሩማቲክ ትኩሳት) ልቧን ነክቶት፣ ማይትራል ቫልቯ ጠቧል። በአገራችን ሁለተኛዋ ብርቅ አይደለችም። አብሌሽን የተጠናው ግን በአብዛኛው እንደ መጀመሪያው ባሉ ሰዎች ላይ ነው።

ቫልቩ ሲጠብ ደም ወደ ኋላ ይገፋል፤ ላይኛው ክፍል እንደ ተነፋ ፊኛ ይወጠራል፣ በጠባሳ ይሞላል። ግፊቱ ሳይነሳ ቀለበት ቢሠራ ልቡ ነገ ሌላ ቦታ ይነድዳል። እሷን የሚረዳት መጀመሪያ ቫልቩን በፊኛ ማስፋት ወይም ቀዶ ሕክምና ነው። ደረቷ ለቫልቩ የሚከፈት ከሆነ፣ ጄምስ ኮክስ እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመረው ሜዝ የሚባለው ሥራ አብሮ ሊሠራ ይችላል፤ ቀዶ ሐኪሙ በዓይኑ እያየ መስመሮቹን ይሠራል።

ደም ማቅጠኛውም ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2022 በሪህ ልብ ሕመም ምክንያት ፊብሪሌሽን ያለባቸው ከ4,500 በላይ ሰዎች ተጠንተው፣ የቆየው ዋርፋሪን ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ የሞቱትም ያነሱ ነበሩ። ስለዚህ ቫልቯ በመጠኑ ወይም በጣም የጠበበ ታማሚ «አዲሱ መድኃኒት ምርመራ አይፈልግም» ተብላ ከዋርፋሪን መውጣት የለባትም። አይኤንአሯ (ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየው ቁጥር) ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ጎመን በጾም ወራት ሲበዛ አይኤንአር ይወርዳል፤ ስለዚህ ጎመኑን መከልከል ሳይሆን መጠኑን ዓመቱን ሙሉ ተመሳሳይ ማድረግ ይሻላል። በረመዳን ኪኒኑን ከኢፍጣር በኋላ በቋሚ ሰዓት መውሰድ ይቻላል፤ ከመጀመሩ በፊት ግን ሐኪሙን ያማክሩ።

ለማን ይጠቅማል?

አብሌሽን ከሁሉ በላይ የሚያሻሽለው ኑሮን ነው፤ ምቱ የሚያንገላታውን፣ የሚያደክመውን፣ የሚያስጨንቀውን ሰው። ዕድሜን ያራዝም እንደሆነ 2,204 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ ከመድኃኒት የለየለት ብልጫ አላሳየም። ልቡ ደክሞ የመርጨት ኃይሉ ለወረደ ሰው ግን ነገሩ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ላይ ከ363 እንዲህ ያሉ ሰዎች የሞቱ ወይም ለልብ ድካም ሆስፒታል የተኙ፣ በአብሌሽኑ ወገን 28.5 በመቶ፣ በመድኃኒቱ ወገን 44.6 በመቶ ነበሩ።

ቀለበቱ ቢሳካም እሳቱን የሚያቀጣጥለው ካልተነሳ ይመለሳል፦ ያልተያዘ ደም ግፊት፣ ውፍረት፣ በእንቅልፍ የሚታፈን ትንፋሽ፣ አልኮል። በኛ አካባቢ ደግሞ ጫት አለ። በውስጡ ያለው ካቲኖን ምትንም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ በርጫው እንቅልፍም ይነሳል። ይህን ለሐኪሙ ሳይደብቁ መናገር ያስፈልጋል፤ ማደንዘዣ የሚሰጠውም ባለሙያ ማወቅ አለበት።

ከሥራው በፊት፣ በዕለቱ፣ በኋላ

ደም ማቅጠኛ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ብዙ ሰው «ቀዶ ሕክምና ስለሆነ አቁም» እየተባለ ዋርፋሪኑን ያቆማል። ለዚህ ሥራ ግን ሳይቋረጥ መሠራቱ ስትሮክን እንደሚቀንስ ታይቷል፤ ከሚሠራው ሐኪም በቀር ማንም አያስቁምዎ። በጆሮ መሳይዋ የልብ ኪስ ውስጥ የረጋ ደም መኖሩ በአፍ በኩል በሚገባ ኤኮ ወይም በሌላ ምስል ይታያል። ከተገኘ ሥራው ይተላለፋል።

በዕለቱ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ በብሽሽት በኩል ይገባል፤ ከቀኝ ወደ ግራ ላይኛ ክፍል ለመሻገር በመካከል ያለውን ስስ ግድግዳ በመርፌ ይበሳል። ሄፓሪን የሚባል ደም ማቅጠኛ እየተሰጠ የደሙ መርጊያ ጊዜ ከ300 ሰከንድ በላይ እንዲሆን ይደረጋል። ዋናው አደጋ ልብ ተበስቶ ደም ልብን በሸፈነው ከረጢት ውስጥ መጠራቀሙ ነው፤ ከ100 ሰው አንድ ገደማ ይገጥመዋል፣ ወዲያው በመርፌ ይቀዳል። ስትሮክ ከዚያም ያነሰ ነው። የብሽሽት ደም መፍሰስ ይበዛል፤ ቤት ከገቡ በኋላ ከጀመረ ተኝተው ቦታውን አጥብቀው ይጫኑ፣ ካልቆመ ወይም ካበጠ ሆስፒታል ይሂዱ። ለአንድ ሳምንት ያህል ከባድ ነገር አያንሱ። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ ብሽሽት አጥፎ በአውቶቡስ መሄድ አይመከርም፤ ጥቂት ቀን ይቆዩ።

በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ምቱ ቢዛባ ሥራው ከሸፈ ማለት አይደለም፤ የተቃጠለው ቦታ ገና እየዳነ ነው። ደም ማቅጠኛው ቢያንስ ለሁለት ወር ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ መቆሙ በምቱ መስተካከል አይወሰንም። ዕድሜ፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ድካም፣ ያለፈ ስትሮክ ያለበት ሰው ልቡ ጸጥ ቢልም ይቀጥላል።

አሁን ግን ሁሉም የቤተሰብ አባል ሊያውቀው የሚገባው። ከሙቀት አብሌሽን በኋላ እጅግ አልፎ አልፎ በግራ ላይኛ ክፍልና በምግብ ቧንቧ መካከል ቀዳዳ ይከፈታል። በብዛት ከአንድ እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይመጣል፤ ሰውየው ያገገመ በሚመስልበት። ምልክቱ ትኩሳት፣ ደረት ላይ ሕመም፣ ሲውጡ መታመም፣ አንዳንዴም የአንድ ወገን መዛል ነው። በድሬዳዋ ትኩሳት ሲመጣ ሰው ወዲያው የሚያስበው ወባን፣ ደንጊን ወይም ቺኩንጉንያን ነው፤ ይህም ትክክል ነው፣ ከተማዋ ሦስቱንም ታውቃለች። በዚህ ስድስት ሳምንት ውስጥ ግን የወባ ምርመራ ብቻ ተደርጎ ወደ ቤት መመለስ የለም። ለመገጣጠሚያ ሕመም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አይውሰዱ፤ ከደም ማቅጠኛ ጋር ደም ያፈስሳሉ። ወደ ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ድንገተኛ ክፍል ሲገቡ የሥራውን ወረቀት ይዘው «ልቤ ላይ በዚህ ቀን አብሌሽን ተሠርቶልኛል» ብለው መጀመሪያ ይናገሩ። የሚያስፈልገው በቀለም የሚነሳ የደረት ሲቲ ስካን ነው። ኢንዶስኮፒ (በአፍ የሚገባ የምግብ ቧንቧ መመልከቻ ቱቦ) እንዳይገባልዎ አጥብቀው ይከልክሉ፤ በመሣሪያው የሚነፋው አየር በቀዳዳው አልፎ ወደ ልብ፣ ከልብም ወደ አንጎል ይሄዳል።